ከጓሮ እስከ ማዕድ፤ የጓሮ አትክልትን አጣፍጦ ስለ መሥራት

(ከዐቢይ ጾም መግቢያ አስቀድሞ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በዛሬው መርሐ ግብር ለእኔ የተሰጠኝ ርእስ «የጓሮ አትክልት ልማት» የሚል ነው። ስለ መደብ አዘገጃጀት፣ ስለ ችግኝ ማፍላት፣ ስለ ብስባሽ እንድናገር የምትጠብቁ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ይህን ግን የግብርና ባለሙያዎች ከእኔ በተሻለ ያስረዷችኋል፤ ከመካከላችሁም ብዙዎች በእጃችሁ ሠርታችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ ልናገር የወደድሁት ስለ ድስቱ ነው፤ ጎመኑ ከመደቡ ከተቀጠፈ በኋላ ስለሚደርስበት ነገር። ምክንያቱን ለማስረዳት ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ደጋ ሰበካ ለእናቶች የካሮት፣ የቀይ ሥር፣ የቆስጣና የጥቅል ጎመን ዘር አከፋፍለን ነበር። ዘሩ በቀለ፤ መደቡም አማረ። በወቅቱ መጨረሻ ሪፖርት ጻፍሁ። ስንት መደብ እንደ ተዘጋጀ፣ ስንት ኪሎ እንደ ተመረተ፣ ስንት አባወራና እማወራ ተጠቃሚ እንደ ሆነ በሠንጠረዥ አስቀመጥሁ። ሪፖርቱ ተመሰገነ፤ እኔም ደስ አለኝ። በኋላ በጾም ወቅት ለጉብኝት ወደዚያው ሰበካ ስሄድ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አንዲት እናት ካልበላህ አትሄድም ብለው አስገቡኝ። ያቀረቡልኝ እንጀራ በሽሮ ነበር። በፍቅር የቀረበ ስለ ሆነ ጣፈጠኝ። በጓሮው በር በኩል ስመለከት ግን ቆስጣው ቢጫ ሆኖ ተኝቷል፤ ጎመኑ አበባ አውጥቷል፤ ካሮቱም ሳይነቀል ቆይቶ አንገቱ ከአፈር ወጥቷል። እኒያን እናት «ቆስጣው ለምን አይበላም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አፈር ብለው፣ «ልጄ፣ ቀቅለን ሞክረነው ነበር፤ ውኃ ውኃ ይላል፣ ልጆቹም አልወደዱትም። ካሮቱንም ገበያ ብንወስደው ገዥ አጣ፤ ለከብቱ እየሰጠነው ነው» አሉኝ።

ያ ለከብት የተሰጠ ካሮት በእኔ ሪፖርት ውስጥ የሕፃናት ምግብ ሆኖ ተቆጥሯል። በሠንጠረዡ ላይ «የተመረተ» የሚል ዓምድ ነበር፤ «የተበላ» የሚል ግን አልነበረም።

እኒያን እናት የሚወቅስ ካለ እኔን ይውቀስ። እናታቸው፣ አያታቸው በድስት አብስለውት የማያውቁትን አትክልት ዘሩን ሰጠናቸው እንጂ አሠራሩን አልነገርናቸውም። ጎመን በአገራችን የቆየ ነው፤ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ቆስጣ ግን ወደ ብዙው የገጠር ጓዳ የገቡት ዘግይተው ነው። ጎመንም ቢሆን ክብሩን አላገኘም። «ጎመን በጤና» እያልን ጤናውን እንመኛለን፤ ጎመኑን ግን የክፉ ቀን ምግብ አድርገን እንግዳ ሲመጣ ከጓዳ እንሸሽገዋለን።

ጉዳዩ የጣዕም ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድሁ ነበር። እንደምታውቁት በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ከዓመቱ ቀናት ግማሽ ያህሉ የጾም ቀናት ናቸው። ከፊታችን ያለው ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ጾመ ነቢያት፣ ጾመ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ ነነዌና ገሃድ ሲታከሉበት፣ ረቡዕና ዓርብም በየሳምንቱ ሲቆጠሩ የምእመናን ማዕድ በአብዛኛው የጾም ማዕድ ነው ማለት ይቻላል። በእነዚህ ቀናት ሥጋው፣ ወተቱ፣ ቅቤውና እንቁላሉ ከማዕድ ይነሣል። የሚቀረው እህሉ፣ ጥራጥሬው፣ አትክልቱና ዘይቱ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ያልቀመሰ ሰው በቀን የሚያገኘው አንድ ወይም ሁለት ማዕድ ነው። ሽሮ መልካም ምግብ ነው፤ አልንቀውም። ነገር ግን ሽሮ ብቻውን ሳምንት ከሳምንት ሲመላለስ ሰውነት ከብጫውና ከአረንጓዴው አትክልት የሚያገኘውን ያጣል። ዱባና ካሮት፣ ጎመንና ቆስጣ ለዓይን ብርሃንና በሽታን ለመቋቋም የሚረዳውን ቫይታሚን ኤ የምናገኝባቸው ናቸው። ስለ ሕፃናት፣ ስለ ነፍሰ ጡሮችና ስለ ሕሙማን ጾም የምናገረው እኔ አይደለሁም፤ እርሱ የንስሐ አባት ጉዳይ ነው። እናቲቱ ለልጇ የምታበስለው ድስት ግን ብዙ ጊዜ ያው ለራሷ የጣደችው የጾም ድስት መሆኑን ሁላችንም እናያለን።

በአንድ ሥልጠና ላይ ይህንኑ ስናገር አንድ አረጋዊ ካህን ተነሥተው፣ «ልጄ፣ ጾም ምላስን መግታት አይደለምን? አንተ ደግሞ ምላስን ልታለማምድ መጣህን?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። እኔም በዚያን ዕለት ተቻኩዬ ስለ ቫይታሚን መለስሁላቸው፤ እርሳቸው የጠየቁኝ ግን ስለ ቫይታሚን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሳስበው በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 ያለው የነቢዩ ኤልሳዕ ታሪክ ይመጣብኛል። በረኃብ ዘመን ለነቢያት ልጆች ወጥ ይሠራ ዘንድ ምንቸት ተጣደ፤ ከመካከላቸው አንዱ ወደ ሜዳ ወጥቶ የማያውቀውን የምድረ በዳ ቅል ለቅሞ ከተፈው። በቀመሱት ጊዜ በምንቸቱ ውስጥ ሞት እንዳለ ጮኹ። ነቢዩም ዱቄት አስመጥቶ በምንቸቱ ጨመረበት፤ ሕዝቡም በሉ። ትርጓሜው የመምህራን ነውና በምሥጢሩ አልገባም። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል። ነቢዩ «የረኃብ ዘመን ነውና መራራውን ቻሉት» አላለም፤ ምንቸቱንም አላስደፋም። ለጾም የማይስማማው እንደ እኔ አስተያየት ነጭ ሽንኩርት ወይም ዝንጅብል አይደለም። በከተማ በአንዳንድ ግብዣ እንደምናየው ዘይት የሚንሳፈፍበት፣ ዐሥር ዓይነት የተደረደረበት «የጾም» ማዕድ ከጓሮ ጎመን ይልቅ ያሳስበኛል። እኒያ ካህን በዚያው ዕለት ማታ ከተሠራው ጎመን ቀምሰው ሁለተኛ ጭልፋ እንዲጨመርላቸው ሲያዝዙ፣ «ለመመርመር ያህል ነው» ማለታቸውንም በአክብሮት አስታውሳለሁ።

እንግዲህ ወደ ድስቱ እንምጣ። የምነግራችሁን አብዛኛውን የተማርሁት በአንድ ደብር የሰንበቴ ቤት ወጥ ከሚሠሩ እማሆይ ነው።

እማሆይ ከሁሉ አስቀድመው የሚናገሩት ስለ ቁሌት ነው። ሽንኩርቱ ደቅቆ ይከተፋል፤ ያለ ዘይት በደረቅ ድስት፣ በለሰለሰ እሳት ላይ ይደረጋል። ክዳኑ ይገጠምና በራሱ ውኃ ይበስላል። መያዝ ሲጀምር ጥቂት የውኃ ጠብታ እየተጨመረ በማማሰያ ይማሰላል። የሚሰነፍጠው ሽታ ጠፍቶ ሽንኩርቱ ጣፋጭ መዓዛ እስኪሰጥና መልኩ እስኪለወጥ ድረስ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል። ዘይቱ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ብዙዎቻችን ግን ዘይቱን አስቀድመን እናፈስስና ሽንኩርቱን ከላይ እናገላብጠዋለን፤ ወጡ አልጣፍጥ ሲለንም ሌላ ዘይት እንጨምራለን። በዛሬው የዘይት ዋጋ ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። ሽንኩርቱ በትዕግሥት ከበሰለ ለስድስት ሰው በሚበቃ ድስት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበቃል። ሽንኩርት በሚወደድበት ወቅት በጓሮ የሚበቅለው ባሮ ሽንኩርት ቦታውን ይይዛል፤ ነጩን ክፍል ለቁሌት፣ አረንጓዴውን ለማጠናቀቂያ ማድረግ ነው።

ጎመንን በተመለከተ ልማዳችን በብዙ ውኃ ለረጅም ሰዓት መቀቀል፣ መጭመቅ፣ ውኃውንም መድፋት ነው። ከውኃው ጋር ጣዕሙም ጥቅሙም ይደፋል። እማሆይ እንዲህ ይሠሩታል። ቅጠሉን ከታች በኩል ይቀጥፋሉ፤ ልቡን ከአምስት ስድስት ለጋ ቅጠል ጋር ይተዉለታል፤ ተክሉም መልሶ ይሰጣል። ሳይከትፉ በንጹሕ ውኃ ያጥባሉ። አገዳውን ከቅጠሉ ለይተው ደቃቅ አድርገው ይከትፉና አስቀድመው ወደ ቁሌቱ ያስገባሉ፤ አገዳው ለመብሰል ይዘገያልና። ቅጠሉ ይከተላል፤ ውኃው ከሁለት የቡና ስኒ አይበልጥም፤ ከዚያ ይከደናል። ጎመኑ መራራ ከሆነ ጥቂት ደቂቃ ለብቻው ቀቅለው ያወጡታል፤ ውኃውን ግን አይደፉትም፣ ሽሮ ያቦኩበታል። ነጭ ሽንኩርትን ሁለት ጊዜ ይጨምራሉ። እኩሌታውን ከቁሌቱ ጋር፣ እኩሌታውን ከዝንጅብልና ከቃሪያ ጋር ወቅጠው ድስቱ ሊወጣ ሲል። ከዚያ ከድነው ያወርዱታል። ይህ ሁለተኛው ነጭ ሽንኩርት ለእኔ አዲስ ነገር ነበር፤ ያንኑ ጎመን ሌላ ምግብ ያደርገዋል። በማዕድ ላይ ጥቂት ሎሚ ቢጨመቅበት ጣዕሙ ከመጨመሩም በላይ በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በተሻለ እንዲቀበለው ይረዳል። ቡናውንም ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ማዘግየት ለዚሁ ይጠቅማል፤ ቡና ሲፈላ ደጅ ላይ ቆሞ «ቆዩ» የሚል ደፋር ከተገኘ።

«ውኃ ውኃ ይላል» ስለ ተባለው ቆስጣ ደግሞ ልናገር። ቆስጣ በራሱ ብዙ ውኃ ስላለው እንደ ጎመን ውኃ ሊጨመርበት አይገባም። በሞቀ ቁሌት ላይ ይደረጋል፣ ሳይከደን ይበስላል። ጨው ውኃውን ያስወጣዋልና የሚጨመረው በመጨረሻ ነው። ለብቻው ከመሥራት ይልቅ የተቀቀለ አተር ክክ ወይም የተፈጨ ድንች ቢገባበት ውኃውን ይመጥለታል፤ እንጀራም ላይ አይፈስስም። እነዚያን እናት ይህን ብንነግራቸው ኖሮ ያ መደብ ቢጫ ባልሆነ ነበር።

አልጫ አትክልት ሲሠራ የሚሳሳቱበት ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ካሮት ቀድሞ ይገባል፣ ድንች ይከተላል፣ ጥቅል ጎመን መጨረሻ ነው፤ ሁሉም አንድ ላይ ከገቡ ጎመኑ ሲሟሟ ካሮቱ ገና ጥሬ ነው። እርድ ከዘይቱ ጋር ገብቶ ትንሽ ቢቁላላ ያልበሰለ ሽታው ይጠፋል። ቲማቲም የሚጨምር ሰው ድንቹ ከበሰለ በኋላ ይጨምር። የቲማቲም ኮምጣጣነት ድንቹን ስለሚያጠነክረው ቀድሞ ከገባ እንጨት እየተቃጠለ ድንቹ እንቢ ይላል። አተርና ባቄላም እንዲሁ ናቸው። ካሮት የአውራ ጣት ውፍረት ሲይዝ ይነቀል፤ ይግዘፍ ተብሎ ከቆየ እንጨት እንጨት ይላል። ለጋው ካሮት መላጥም አያስፈልገውም፣ ማጠብ ይበቃዋል።

ቀይ ሥር ሳይላጥና ጭራው ሳይቆረጥ እንዳለ ይቀቀላል፤ ከበሰለ በኋላ ልጣጩ በእጅ ይወልቃል። ተልጦና ተከትፎ የሚቀቀል ከሆነ መልኩም ጣፋጭነቱም በውኃው ውስጥ ይቀራል። ከተቀቀለ ድንች ጋር ተከትፎ ሎሚ፣ ቃሪያና ጥቂት ዘይት ቢደረግበት ጥሩ ነው። ቅጠሉ እንደ ቆስጣ ይሠራል፤ እኛ ግን ለዶሮ እንጥለዋለን።

ዱባ የእግዚአብሔር ጎተራ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ዘንጉ ሳይነቀል ከተቆረጠና በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ለወራት ይቆያል፤ በመስከረም የተሰበሰበ ዱባ በጾመ ነቢያት ማዕድ ላይ ይገኛል። በበርበሬ ወጥ መሥራቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለልጆች ግን ከነልጣጩ ቆርጦ በምጣድ ላይ ወይም በፍም አጠገብ መጥበስ የበለጠ ያስደስታቸዋል፤ ጣፋጭነቱ ይጎላልና። ጥቂት ዘይት መቀባትም ይገባል፤ በብጫው ውስጥ ያለው ቫይታሚን ያለ ቅባት በደንብ አይዋሐድም።

ቅባቱ የግድ ከሱቅ የሚገዛ ዘይት መሆን የለበትም። የተቈላና የተፈጨ ተልባ በጎመን ላይ ቢነሰነስ፣ ሱፍ ተወቅጦ ቢጨመር፣ ምስር በስናፍጭና በሎሚ አዚፋ ቢሆን፣ ይህ ሁሉ የእናቶቻችን ዕውቀት ነው፤ የጎደለው ከአዲሱ አትክልት ጋር ማገናኘቱ ነው። በሱቅ የሚሸጡትን የማጣፈጫ ቁርጥራጮች በተመለከተ ግን ማሳሰብ እወዳለሁ። ጨዋቸው ብዙ ነው፤ አንዳንዶቹም የሥጋ ወይም የዶሮ ግብዓት ስላለባቸው በጾም ቀን ሳናውቅ የምንገድፍበት ይሆናል። በእነርሱ ፈንታ በጓሮው ዳር አንድ የመዓዛ መደብ ይኑር። ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ የጥብስ ቅጠል ቦታ አይፈጁም። እስከ ዛሬ በምናከፋፍለው የዘር ጥቅል ውስጥ እነዚህን አስገብተን አናውቅም፤ ይህም ከቢሮ ሆነን ድስቱን አለማሰባችንን ያሳያል።

ከሰበካ ጉባኤያት የምጠይቀው ጥቂት ነገር ነው። የጓሮ አትክልት ማኅበር ባለበት ደብር ሁሉ ከዐቢይ ጾም በፊት ባለው ሳምንት አንድ ቀን በሰንበቴ ቤት ድስት ይጣድ። የሚያስፈልገው ሁለት ቢላዋ፣ መክተፊያ፣ ድስትና ከየጓሮው የመጣ አትክልት ነው፤ በጀት የሚያስጠብቅ አይደለም። የሚያስተምረውም የፕሮጀክት ሠራተኛ ሳይሆን እንደ እማሆይ ያለች የአካባቢው ባለሙያ ትሁን። ወንዶችም ይምጡ፤ ቢያንስ ሽንኩርት ይክተፉ። እኔም በአብነት ትምህርት ቤት ሳለሁ ከቀፈፋ በመጣ ደረቅ ቁራሽ ያደርሁባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። ዛሬ ብዙ አብነት ትምህርት ቤቶች ከግቢያቸው ውስጥ መሬት አላቸው፤ ጎመን የሚያበቅልም ተማሪ አላቸው። ጎመኑን ለገበያ ከመላክ በፊት በሳምንት ሁለት ቀን ለተማሪዎቹ ድስት እንዲጣድበት የደብሩ አስተዳደር ቢወስን፣ የሚወጣው ወጪ የጨውና የሽንኩርት ብቻ ነው።

በእኔ በኩል በሪፖርት ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሬአለሁ። «ባለፈው ሳምንት ከጓሮው የተቀጠፈ አትክልት በስንት ቀን ማዕድ ላይ ቀረበ?» ይላል። የምትመልሰውም የቤቱ እናት ናት። ለሰበካ ጉባኤ ጸሐፊዎች ሥራ እንደሚጨምር አውቃለሁ፤ መልሱም በመጀመሪያ ወራት የሚያስደስት ላይሆን ይችላል። ዝቅተኛ ቁጥር ተጻፈ ብሎ የሚቀየማችሁ የለም፤ እባካችሁ እንዳለ ጻፉት።

በመጀመሪያ ወዳነሣኋቸው እናት ቤት ባለፈው ዓመት ተመልሼ ነበር። ቆስጣው በአተር ክክ ይበላል፤ ካሮቱም ለልጆች ጥሬውን እንኳ አልተረፈም። ቀይ ሥሩን ግን ልጆቹ አሁንም አልወደዱትም፤ ሎሚውም፣ ድንቹም አላግባባቸውም። ስለዚህ ለዚያ ማኅበር በሚቀጥለው የዘር ጥቅል የቀይ ሥሩን ቦታ ዱባ እንዲይዘው አድርገናል።

ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓትም ተቃርቧል። ከጸሎት በኋላ ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ማዕድ ቤት እንድትገኙ በአክብሮት እጋብዛለሁ። እማሆይ ከእናቶች ጋር ሦስት ድስት ጥደዋል፤ አንዱ ጎመን፣ አንዱ ቆስጣ በአተር ክክ፣ አንዱ ዱባ ነው። ቁሌቱን ሲያማስሉ ለማየት የምትሹ ግን ቀደም ብላችሁ ግቡ፤ እርሳቸው ሰው አይጠብቁም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።